ለእናቴ በየማታው መጸለዬ ሐዘኔን ያራዝመዋል?

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ ስሟን ጠርቼ እጸልያለሁ። ከዚያ ውሎዬን እነግራታለሁ። ልጄ ማንበብ መጀመሯን፣ ከወንድሜ ጋር መታረቄን። ጓደኛዬ "ልቀቂያት፣ አለበለዚያ ሐዘኑ አይወጣልሽም" አለችኝ። እኔን ግን የሚቀለኝ ስጸልይ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም ለአባቴ እንዲሁ አደርጋለሁ። ቀጥይበት።

መልስ 2፦ ሐዘንተኞችን አማክራለሁ። የጓደኛሽ ምክር የቆየ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘን ልብን ከሟቹ ቀስ በቀስ የማላቀቅ ሥራ ነው ብሎ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን የሐዘን ተመራማሪው ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ። ብዙ ሰው ፍቅሩን አይቆርጥም፤ መልኩን ቀይሮ ይዞት ይኖራል። ጸሎት አንዱ መንገድ ነው፣ ያውም ደግ መንገድ። እኔ የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ ከጸሎቱ በኋላ እንቅልፍ ይወስድሻል? ከልጅሽ ጋር ትጫወቻለሽ? ከሆነ አትስጊ። መሞቷን መቀበል አቅቶሽ ኑሮሽ ከቆመ ግን ባለሙያ አማክሪ።

ጠያቂዋ፦ ተመስገን፣ እተኛለሁ። አሁን አሁን ደግሞ ከለቅሶው ምስጋናው ይበዛል። ልጄም አብሬሽ ልጸልይ ብላኛለች፤ እሺ ብያታለሁ።