ለችግኝ ተካይ ማኅበር ሎጎ እየሠራን ነው፣ ሐሳብ ስጡን

የጣና_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ያለን አራት የግራፊክስ ተማሪዎች ነን። እዚሁ ከተማ አገር በቀል ዛፍ የሚተክል አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ማኅበር አለ፤ ሎጎ፣ ቲሸርትና ባነር በነፃ እየሠራንላቸው ነው። የመጀመሪያው ሥራችን ሁለት እጆች ችግኝ ይዘው፣ ከሥር የማኅበሩ ስም በአማርኛ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየፈዘዘ የሚሄድ ነው፤ ባነሩ ላይ ደግሞ "እንትከል" የሚል መፈክር አለ። እኛ ወደነዋል፤ ግን ያሳየነው ሰው ሁሉ "ይሄን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ" ይለናል። ክረምት ሳይገባ ማስረከብ አለብን። ምን እናስተካክል?

ችግኝ_አፍይ፦
በርቱ ልጆች። እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። ምስሉን ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ቅጠሉን ነው፤ ረዘም ቀጠን ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ይሄ እኮ ባህር ዛፍ ነው! ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ነው፣ እነሱ ደግሞ የሚተክሉት አገር በቀል። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፦ ዋንዛ ነው? ወይራ ነው? ብሳና ነው? ቅጠሉን በእጃችሁ ይዛችሁ ሳሉት። የብሳና ቅጠል የልብ ቅርጽ አለው፣ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል፤ አረንጓዴውን ሁሉም ማኅበር ይዞታል።
ሌላው፣ "እንትከል" የሚለውን መፈክር ተዉት። እኛ ጋ የሚጠየቀው "ስንቱ ጸደቀ?" ነው። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃ የሚያጠጣውና ከከብት የሚጠብቀው ካጣ ይደርቃል።

አታሚው፦
ቀለሙ የሚፈዝ ሎጎ ማህተም ላይ አይወጣም፣ ማኅበር ደግሞ ያለ ማህተም ደብዳቤ አይጽፍም። በጥቁር ብቻ ሥሩትና በ2 ሳንቲ ሜትር አትማችሁ እዩት። ቲሸርት በስክሪን (ቀለም በሚያሳልፍ የተወጠረ ስስ ጨርቅ) ሲታተምም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ስለሚዘጋጅ፣ ቀለም በጨመራችሁ ቁጥር ወጪው የሚወድቀው ማኅበሩ ላይ ነው። ፊደሉንም ወፈር፣ ክፍተቱንም ሰፋ አድርጉት። በትንሹ ሲታተም የ"ሜ" ቀለበት ቀለም ይሞላበትና "ሚ" ሆኖ ይነበባል፤ ስንት ሥራ በዚህ ተበላሽቶ ሲመለስ አይቻለሁ።

የከተማ_ልጅ፦
እጁን ባትጥሉት እላለሁ። እኔ ብሳናን ከዋንዛ አልለይም፣ እጅና ችግኝ ሳይ ግን ወዲያው ይገባኛል።

የጣና_ልጅ፦
ሁላችሁንም እናመሰግናለን፣ በተለይ ጋሼ ችግኝ አፍይ። ዛሬ ሄደን ጠየቅናቸው፣ አብዛኛው ዋንዛ ነው። ሰፊውን ቅጠል ብቻውን አስቀርተን እጁን አነሳነው፤ የከተማ ልጅ ይቅር በለን፣ ማህተሙ ላይ ጣቶቹ ተጨማደዱ። ባነሩ ላይ "የጸደቀ" ብለን ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትተናል፣ በየዓመቱ በእጃቸው ይሞሉታል።

ችግኝ_አፍይ፦
ጎሽ! ቆጠራውን ግን ሚያዝያ ላይ ያድርጉት። መስከረም ላይ ሁሉም ለምለም ነው።