የተረበሸ ታካሚ አያያዝ ሥልጠና፦ ሌሊት ላይ ሦስት ሰው ብቻ ሲኖር ምን ይደረግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለድንገተኛ ክፍል ነርሶች የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና እያዘጋጀሁ ሁለት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

መግቢያው አያስቸግርም፦ ከሁለት ክንድ በላይ ርቆ መቆም፣ መውጫውን አለመዝጋት፣ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ። ከዚያ የደም ስኳር፣ ኦክስጅን፣ ሙቀት። በተለይ ጠበል ቦታ ሳይበላ ሰንብቶ የመጣን ሰው ስኳሩን ሳይለኩ «የአእምሮ ነው» ማለት አደገኛ ነው።

የቸገረኝ አንደኛው አያያዙ፣ ማለትም ታካሚውን በእጅ ይዞ ማቆየቱ ነው። በደንቡ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ እጅና እግር አንድ አንድ፣ አምስተኛው ጭንቅላቱን ደግፎ ያናግረዋል። ሌሊት ያሉት ግን ሁለት ነርስና አንድ ጥበቃ ናቸው። አስታማሚ ሲገባበት ደረቱ ላይ መጫን፣ በሆዱ ማስተኛት ይመጣል፤ ትንፋሽ የሚታፈነውም ያኔ ነው። ጥበቃዎቹን አብሮ ማሠልጠን የሞከረ አለ?

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ሃሎፔሪዶል (የሚያረጋጋው መድኃኒት) 5 ሚሊግራም ከፕሮሜታዚን (እንቅልፍ የሚያመጣና የሃሎፔሪዶልን የጡንቻ መኮማተር የሚከላከል) ጋር በጡንቻ ይሰጣል። ፕሮሜታዚን ሲያልቅ ሃሎፔሪዶል ብቻውን ይወጋና፣ በተለይ ወጣት ወንዶች አንገታቸው ይጣመማል፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋቸው ይቆለፋል። ያኔ ይህን መኮማተር የሚፈታው የትራይሄክሲፌኒዲል ኪኒን እንዴት ይዋጣል? ዲያዜፓም (ሌላው ማረጋጊያ መድኃኒት) በጡንቻ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው ወጥ ባልሆነ መንገድ ስለሆነ «አልሠራም» ተብሎ ይደገማል፤ በደም ሥር ከሆነ ደግሞ በዝግታ ካልተሰጠና ትንፋሹን የሚከታተል ከሌለ ሌላ ጣጣ ነው።

ፕሮሜታዚን በሌለበት ቀን ምን ቅደም ተከተል ታስተምራላችሁ?