«ባቦ» በአማርኛ ምን ይባላል? አባ፣ አባባ፣ አባዬ ወይስ አባቴ?

የሮሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። የሲየናዋን የቅድስት ካታሪናን ደብዳቤዎች በጣልያንኛ እያነበብኩ ነው። አንዱን ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ። የተጻፈው በ1376 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ አቪኞን ለነበሩት ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 11ኛ ነው። ወደ ሮም ይመለሱ፣ አይፍሩ ትላቸዋለች። መሐል ላይ ግን «ባቦ ሚዮ»፣ የእኔ ባቦ፣ አለቻቸው።

ባቦ ሲየና ባለችበት በጣልያኗ ቶስካና ሕፃን ልጅ አባቱን የሚጠራበት ቃል ነው። ጎረቤቴ ከሲየና አካባቢ የመጡ አሮጊት ናቸው። የሞቱ አባታቸውን እስከ ዛሬ ባቦ ነው የሚሏቸው፤ ሲሉትም ድምፃቸው ይለወጣል።

እና ምን ልበል? «አባ» ብል መነኩሴ ሆኑ። «አባባ» ብል የሰፈር ሽማግሌ ሆኑ። «አባዬ» ብል ደግሞ ለጳጳስ የምትጽፍ አልመስል አለች። በዚያ ላይ ግሶቿ በሙሉ በ«ቮይ» ናቸው፣ በእኛ እርስዎ። «አባዬ» እና «እርስዎ» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? እባካችሁ እርዱኝ።

ብራና፦
እህቴ፣ መልሱ እጅሽ ላይ ነው! ጳጳስ የሚለው ቃል ራሱ እኮ ባቦ ነው። ከግሪኩ «ፓፓስ» የመጣ ነው። ግሪኮቹ ሕፃን አባቱን የሚጠራበትን ቃል ወስደው ለካህን አባት ሰጡት። ከዚያ እኛ ጋ ጳጳስ፣ ጣልያን ጋ ፓፓ ሆነ። ስለዚህ ካታሪና አዲስ ነገር አላለችም። ማዕረጉን ወደ ሥሩ ነው የመለሰችው። «ጳጳሴ» ብትዪው ምን አለበት?

ባለ ቅኔው፦
ልጄ ብራና፣ የቃሉ ምንጭ ልክ ነው። ጰ ራሷ ከግሪክ ለመጡ ቃላት የምታገለግል ፊደል ናት፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጰራቅሊጦስ ብለህ ቁጠር። ነገር ግን ቃል በሥሩ አይተረጎምም፣ በኑሮው ነው እንጂ። ዛሬ ጳጳስ ሲባል ሕፃን ትዝ የሚለው ማን ነው? አስኬማና መስቀል ነው የሚታየው። «ጳጳሴ» ማለት አማርኛም ግእዝም አይደለም። እኔ ይህን የምለው ከንባብ ቤት እስከ ቅኔ ቤት ዕድሜዬን ጨርሼበት ነው።

ለእህታችን የምመክረው «አባ» እንድትል ነው። ሮሜ 8፥15 ላይ «አባ አባት ብለን የምንጮኽበት» ይላል። አባ የልጅ ጩኸት ነው።

ጠያቂው ልጅ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ ልቃወም። አባ በሱርስቱና በአራማይክ የሕፃን ቃል ብቻ ነው የሚባለው ባለፈው ክፍለ ዘመን ብዙ ተሰብኳል። በኋላ ግን ትልልቅ ሰዎችም አባታቸውን አባ ይሉ እንደነበር ሌሎች አሳዩ። እኛ ጋ ደግሞ ጭራሽ ሄዶ ማዕረግ ሆኗል። ዛሬ ለራሱ አባት «አባ» የሚል አማራ ልጅ ብዙ አላውቅም። ስለዚህ እርስዎ በብራና ላይ ያነሱት ነገር በእርስዎም ላይ ይሠራል፤ በሥሩ እንጂ በኑሮው አልተረጎሙትም።

ባለ ቅኔው፦
ደህና ያዝከኝ። ግን «አቡነ ዘበሰማያት» ስትል እኮ አቡነ «አባታችን» ነው። ያም ማዕረግ ሆኗል። በእኛ ቋንቋ የአባት ቃል ሁሉ ውሎ አድሮ ቆብ ይደፋል። አባ፣ አቡነ፣ ጳጳስ፣ ሦስቱም እንዲያው ናቸው። አንድም ሳይደፋ የቀረ የለም።

የአዲግራት ልጅ፦
ስለ ቃሉ ከመጨቃጨቃችን በፊት ማን እንዳለችው እንይ፣ ምክንያቱም መልሱ እዚያ ያለ ይመስለኛል። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በዓሏን እናከብራለን።

ካታሪና በ1347 ተወለደች። አባቷ ጃኮፖ ቤኒንካሳ ጨርቅ ቀለም የሚነክር ባለሙያ ነበር። እናቷ ላፓ ከ20 በላይ ልጆች ወልዳለች። ካታሪና ገና አንድ ዓመቷ ሳለ ያ ትልቁ ወረርሽኝ ሲየናን ጠራርጎ ሄደ። ቤተሰቡ ሊድራት ሲል ፀጉሯን ቆረጠች። ገዳም ግን አልገባችም! ይህን ብዙ ሰው ይስታል። «ማንቴላቴ» የሚባሉ፣ ቤታቸው እየኖሩ የዶሚኒካን ሥርዓት የሚከተሉ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ ይደርባሉ፣ ስማቸውም ከካባው ነው። እሷ በልጃገረድነቷ ከእነሱ ገባች። ሆስፒታል ሄዳ ማንም የማይጠጋቸውን ሕመምተኞች ታጥብ ነበር። ኒኮሎ ዲ ቶልዶ የሚባል ወጣት ሞት ተፈርዶበት ሲገደል አጠገቡ ሆና አንገቱ ሲቀላ ጭንቅላቱን በእጇ ተቀበለች።

እና አሁን ወደ ባቦ። የራሷ አባት የሞተው በ1368 ነው። ለጎርጎርዮስ ስትጽፍ ስምንት ዓመት አልፎታል። ባቦ የምትለው ሰው ቤቷ ውስጥ አልነበረም። እኔ ይህን ሳስብ ቃሉን በማዕረግ መተርጎም ይከብደኛል።

የሮሟ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። አስለቀስከኝ።

ብራና፦
እኔ ደግሞ የገረመኝ ሌላ ነው። ተከታዮቿ፣ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ፣ «ማማ» ይሏት ነበር። ለንስሐ አባቷ ለራይሞንዶ ዳ ካፑዋ ስትጽፍ ደግሞ አባቴም ልጄም ትለዋለች፣ በአንድ መስመር! እኛስ እማሆይ እንል የለም? «እም» እናት፣ «ሆይ» መጥሪያ። እማሆይ ካታሪና ብንላትስ?

የአዲግራት ልጅ፦
አይሆንም። እማሆይ ቆብ ለደፋች መነኩሲት ነው። አሁን ነገርኩህ እኮ፣ ገዳም አልገባችም።

ወሎዬዋ፦
እኔ ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። እህቴ የሮሟ፣ «አባዬ እና እርስዎ አብረው አይሄዱም» ያልሽው የአዲስ አበባ ጆሮ ነው። እኔ ወሎ ነው ያደግሁት። አባቴን አንተ ብያቸው አላውቅም። «አባዬ ይምጡ፣ ቡናው ደርሷል» ነበር የምለው። በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የምወደው ሰው አልነበረም። አንቱታው ፍቅሩን አልቀነሰውም። ስለዚህ «አባዬ፣ አይፍሩ» ብለሽ ጻፊ፣ ጨርሰሻል።

ጠያቂው ልጅ፦
እኛ ቤት ግን በተቃራኒው ነው። አባቴን እርስዎ ብለው ያጠፋሁት ነገር አለ ወይም ተጣላሁት ማለት ነው። አንባቢዎቿ አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ከሆኑ «አባዬ ይምጡ» ሲያነቡ የተኮራረፈ ቤተሰብ ነው የሚታያቸው።

ወሎዬዋ፦
እንግዲህ የከተማ ልጅ ይማራ! አማርኛ ከቦሌ አልተጀመረም።

ባለ ቅኔው፦
አንቱ ስትሉ ትዝ ያለኝ። አንቱ ከግእዙ «አንትሙ» ነው፤ ብዙ ሰው አድርጎ በማክበር። እርስዎ ደግሞ ከ«ርእስ» ነው። ርእሱ እርሱ ሆነ፣ ከዚያ እርስዎ። ራስዎ ማለት ነው። እንግዲህ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትን እርስዎ ስንል ርእስን በርእስ ጠራን ማለት ነው። ለእሳቸው ከአንቱ ይልቅ እርስዎ የሚገባው ለዚህ ነው።

ብራና፦
የኔታ፣ የእርስዎን እቀበላለሁ። የአንቱ ግን «ሙ» የት ሄደች? ደግሞ ርእስን በርእስ ያሉት ደስ ይላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የቀበሌ ጸሐፊንም እርስዎ እንላለን።

ባለ ቅኔው፦
«ሙ» በአፍ ጠፋች። በአፍ የሚጠፋ ፊደል ብዙ ነው። ልሂቅ ሊቅ ሲሆን «ሀ» የት ሄደች? አንተው ንገረኝ።

ጠያቂው ልጅ፦
ቆይ ቆይ፣ ሊቅ ከልሂቅ ነው? ከማወቅ አይደለም እንዴ?

ባለ ቅኔው፦
አይደለም ልጄ። ልህቀ ማለት አደገ፣ ሸመገለ ነው። ልሂቅ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ያውቃል ተብሎ ነው ሊቅ ዐዋቂ የሆነው። ሊቃነ ጳጳሳት ስትልም ዐዋቂዎች ማለትህ አይደለም፣ አለቆች ነው።

የአዲግራት ልጅ፦
ይህ እኮ ለእሷ በጣም ይገባል! ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ካታሪናን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰይመዋል። ከሳምንት በፊት የአቪላዋን ተሬዛን ሰይመው ነበር። ከእነሱ በፊት ይህ ስም ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም። በኋላ የሊዝዬዋ ተሬዛና ሂልደጋርድ ተጨምረው ዛሬ ሴቶቹ አራት ናቸው። ካታሪና ትምህርት ቤት አልገባችም። ደብዳቤዎቿን እሷ ትናገራለች፣ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። 380 ያህሉ ዛሬም አሉ። የሞተችው በ33 ዓመቷ ነው። ሳትሸመግል ልሂቅ ሆነች።

ብራና፦
ታዲያ ለሴት ሊቅ ነው ልህቅት? ወይስ ሊቂት?

ባለ ቅኔው፦
ልህቅት በግእዝ አለ፣ በዕድሜ ታላቅ የሆነች ሴት ናት። «ሊቂት» የሚባል የለም።

ወሎዬዋ፦
«የቤተ ክርስቲያን ልህቅት» ብትሉ የሚሰማ ሰው ታላቅ እህት ናት ይላል እንጂ መምህር አይልም። «መምህርተ ቤተ ክርስቲያን» ይሻላል።

ብራና፦
መምህርት አነሰቻት። መምህርት እኮ የአንደኛ ክፍሏም ናት።

ወሎዬዋ፦
የአንደኛ ክፍል መምህርት ምን አነሳት? ሀ ሁ ያስቆጠረችህ ማን ናት?

የሮሟ፦
ኸረ የእኔ ባቦ! ሊቅን ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን። አርብ ለንባብ ቡድናችን ማቅረብ አለብኝ፣ እስካሁን አንድ ቃል አልመረጣችሁልኝም።

ጠያቂው ልጅ፦
እሺ፣ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ባለ ቅኔውን ሁላችንም ምን እያልን ነው የምንጠራቸው? «የኔታ»። የእኔ ጌታ ማለት ነው። «ጌታ» ያለው ቃል ነው፣ ግን «የእኔ» ብሎ አቅፎታል። ከዚያ ደግሞ «የኔታ ይንገሩን» እንላለን፣ በአክብሮት ግስ። የካታሪና ነገር ይህ ነው። «ሚዮ»ን አትርሱት። እኛ ስለ ባቦ ስንከራከር «ሚዮ»ን ማንም አላነሳውም። ካህን ፊት ቀርበን «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ስንልም ያው ነው። «ቴ» የእኔ ናት፣ «ይፍቱኝ» አክብሮት ናት። ስለዚህ «አባቴ» በቂ ነው እላለሁ።

ባለ ቅኔው፦
ይህ ጥሩ ነው። ልጄ፣ ተባረክ። እኔ «አባ»ን ትቻለሁ።

ወሎዬዋ፦
እኔ ግን «አባዬ»ን አልተውኩም። «አባቴ»ን ለማንኛውም ቄስ እንለዋለን፤ ባቦ ውስጥ ያለችው ልጅ የለችበትም። እሷ እኮ «ፓድሬ»፣ አባት፣ የሚለውንም ታውቀዋለች፣ በሌላ ቦታ ትጠቀምበታለች። ባቦን የመረጠችው አውቃ ነው። ሁለቱን ቃል በአንድ «አባቴ» ከደፈንናቸው ያ ምርጫ ጠፋ ማለት ነው።

የአዲግራት ልጅ፦
በዚህ እኔም ከወሎዬዋ ጋር ነኝ። ደግሞ አስቡት። ጎርጎርዮስ ፈረንሳዊ ነው፣ ቶስካንኛ አይሰማም። አቪኞን ፊት ለፊት ሲገናኙ እሷ በአገሯ ቋንቋ ስትናገር ራይሞንዶ ወደ ላቲን ይተረጉም ነበር። አፏ ላይ ባቦ መጥታ ከሆነ ያ ምስኪን በላቲን ምን ብሎ ይሆን? የእኛው ጭንቀት እሱም ዘንድ ነበር። ብቻ ጳጳሱ በዚያው ዓመት መስከረም ከአቪኞን ተነሥተው ጥር 17 ቀን 1377 ሮም ገቡ። ከ1309 ጀምሮ እዚያ የቆየው መንበር ተመለሰ። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፣ የጣልያን ግዛቶቻቸው ዐምፀው ነበር። የእሷ ቃል ግን አልወደቀም።

ብራና፦
ስለ «ጣፋጭ»ስ? «ዶልቼ ክሪስቶ ኢን ቴራ» ትላቸዋለች አይደል? «ጣፋጩ የምድር ክርስቶስ» ብትዪው ኬክ ነው የሚመስለው። ግእዙ «ጥዑም» ይሻላል።

ባለ ቅኔው፦
ጥዑም ልክ ነው። ጥዑመ ልሳን፣ ጥዑመ ዜማ እንላለን።

የሮሟ፦
«ጥዑም»ን ወሰድኩ፣ አመሰግናለሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ ጎረቤቴን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ባቦን አንተ ነበር የሚሉት ወይስ እርስዎ? አልኳቸው። «እኔ አንተ ነበር የምለው» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናቴ ግን አባቷን ባቦ ብላ ቮይ ነበር የምትለው፣ ገጠር ነው ያደገችው» አሉ። ወሎዬዋ፣ ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ለጊዜው ረቂቁ ላይ «አባዬ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ግሱን በእርስዎ። አርብ ጮክ ብዬ ሳነበው ጆሮዬ እምቢ ካለኝ እመለሳለሁ።

እስከዚያ አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤዎቿን የምትጀምረው «እኔ ካታሪና፣ የኢየሱስ ክርስቶስ አገልጋዮች ሰርቫ ኤ ስኪያቫ» ብላ ነው። አገልጋይና ባሪያ ልበል? «ባሪያ» ግን በእኛ አማርኛ ሰው የሚያቆስል ቃል ነው፣ እጄ አልሄድ አለ።

ባለ ቅኔው፦
እመቤታችን ለመልአኩ ስትመልስ ራሷን ምን አለች? አመት። አመተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል እያልን ክርስትና እናነሣ የለም? አመት በይው።

ጠያቂው ልጅ፦
የኔታ፣ «የአገልጋዮች አመት» ተብሎ ሲነበብ እኮ ሰው 365 ቀን ነው የሚመስለው...