ቢኤምአይ (ኪሎ ለቁመት ካሬ ሲካፈል የሚመጣው የውፍረት መለኪያ) 38.8 ነኝ፣ 40 ካልሞላሽ አይቀበሉሽም አሉኝ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ እርዱኝ!

ፍራንኮ ሰፈር
ሰላም የአዳማ ልጆች፣ አስቸኳይ ነው። ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ለጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ጥገና ሊገመግሙኝ ቀጥረውኛል። ዛሬ ሰዓቱን ላረጋግጥ ስደውል ስልክ ያነሳችው ልጅ «ቢኤምአይሽ 40 ካልሞላ አይቀበሉሽም» ብላ ዘጋችው። 98 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1.59። ሳሰላው 38.8 መጣ። 3 ኪሎ ጎደለኝ ማለት ነው። እስከ ሰኞ በምን ልጨምር?

ባጃጅ ነጂው
ሀገር ምድሩ ልቀንስ ሲል አንቺ ልጨምር! ለማንኛውም ከመወፈር ማጠር ይቀላል። ቁመት ሲለኩሽ ጎበጥ በይ፣ 1.56 ከሆንሽ 40 አለፍሽ 😂

ሎሚ በማር
እህቴ ቢላ ምን ያደርግልሻል? ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሞቀ ውሃ። እኔን አይተሽ።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ ችግሩ እኮ መቀመጥ ነው። ዳቦ ለመግዛት ባጃጅ ትጠራላችሁ። እኛ ሥራ በእግር ሄደን በእግር ነበር የምንመለሰው፣ ያውም በዚህ በአዳማ ሙቀት። ቦርጭ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ጤነኛ ጨጓራ ማስቆረጥ የዘመኑ ፋሽን ነው።

ፍራንኮ ሰፈር
አባቴ ምክርዎን አከብራለሁ፣ ግን እግሬ ቢችል እሄድ ነበር። ዳይቱንም ጂሙንም አልፌበታለሁ። እየቀነስኩ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ጥያቄዬ 3 ኪሎው ነው።

ማታ ተረኛ (ነርስ ነኝ)
ቆይ መጀመሪያ። ስኳር አለብሽ? ግፊትስ? ማታ ታንኮራፊያለሽ?

ባጃጅ ነጂው
ሲስተር፣ ማንኮራፋቷን በምን ታውቀዋለች፣ ተኝታ!

ፍራንኮ ሰፈር
ስኳርማ አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ግን ይሄ ከኪሎው ጋር ምን አገናኘው?

ማታ ተረኛ (ነርስ ነኝ)
ዋናውን ደብቀሽ ኪሎ ትቆጥሪያለሽ! 40 የሚባለው ሌላ በሽታ ለሌለበት ሰው ነው። ስኳር፣ ግፊት ወይም በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ከ35 ጀምሮ ይታያል። ይሄ ራሱ በፈረንጆቹ የ1991 መመሪያ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣው የአሜሪካና የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ ደግሞ ከ35 በላይ ከሆነ በሽታ ባይኖርም ይላል። ስኳር ላለበት እንዲያውም ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ሁሉም ሐኪም ቤት አዲሱን አይከተልም፣ አንቺ ግን በአሮጌውም ታልፊያለሽ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ስኳርሽን አልጠየቀችሽም፣ አንቺም አልነገርሻትም።

ክትፎ ቤት እንዳትሄጂ ደግሞ። በጣም በወፈረ ሰው ጉበት ላይ ስብ ይኖራል፣ ጉበቱም ያብጣል። ጨጓራው ከጉበቱ ሥር ስለሆነ ሐኪሙ መድረሻ ያጣል። ለዚህ ነው ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቅባትና ጣፋጭ አስትተው የሚያስቀንሱት። አንቺ የምትጨምሪውን መልሰው ሊያስወርዱሽ!

ሎሚ በማር
ለጉበትም እኮ ሎሚ ነው።

ተሠርቼ የወጣሁ
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። ከኔ ልምድ ልጨምር። የሦስት ወር ስኳር ውጤትሽንና የምትወስጂውን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሂጂ። ኢንዶስኮፒ (በአፍ ካሜራ አስገብተው ጨጓራን የሚያዩበት) ያዙሻል፣ የጨጓራ ባክቴሪያም ይፈልጋሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪም ቢያይሽ እንዳትደነግጪ፣ አብደሻል ማለታቸው አይደለም። ሲከፋሽ ትበያለሽ ወይ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሕይወት ትችይዋለሽ ወይ ነው የሚያዩት። ጨጓራሽ ሦስት አራተኛው ይወጣል፣ ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ጾመኛ ከሆንሽ ለምግብ ባለሙያዋ አሁኑኑ ንገሪያት። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ትባያለሽ፣ በዚያች ትንሽ ጨጓራ በሽሮና በምስር ብቻ ይከብዳል። ልጅ ካሰብሽም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆዪ ይሉሻል።

ፍራንኮ ሰፈር
ተባረኩ! ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እየዋጥኩ ነው፣ እሱንም ልጻፈው?

ማታ ተረኛ (ነርስ ነኝ)
ዛሬ ባትጠይቂኝ ኖሮ! ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ይደብቀዋል፣ ምርመራው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ይቆማል። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ ደግሞ አራት ሳምንት። ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ ቁስለት ካለብሽ አደጋ አለው። ሰኞ ገና እንደገባሽ ንገሪያቸው፣ የኢንዶስኮፒውን ቀን እነሱ ያስተካክሉታል።

ጡረተኛው
ስኳር እንዳለባት መች ነገረችን? እንዲያ ከሆነ ሐኪሙ ያለውን ትስማ። መራመዱ ግን አይቅር።

ባጃጅ ነጂው
ሰኞ በሌሊት መናኸሪያ አደርስሻለሁ፣ በነፃ። ስትቀንሺ ግን ታሪፉ ይመለሳል።

ሶደሬ ወራጅ
ይቅርታ እግረ መንገዴን። እኔ ቢኤምአይ 36 ነኝ፣ ስኳርም ግፊትም የለኝም። ሚስቴ ግን ማታ ትንፋሼ እየቆመ በክርኗ እንደምትቀሰቅሰኝ ትናገራለች። ይቆጠራል?

ማታ ተረኛ (ነርስ ነኝ)
በእንቅልፍ ምርመራ ከተረጋገጠ ይቆጠራል። ሐኪም ጋ ስትሄድ ሚስትህን ይዘሃት ሂድ፣ ያየችውን እሷ ትንገራቸው።