ሐይቃችን አረንጓዴ ሆና ቀረች፤ ምን እናድርግ?
ሰላም ለሁላችሁ። የምንከባከባት ትንሽ ሐይቅ ጥልቀቷ 2 ሜትር አይሞላም። ድሮ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ታቹ ላይ የበቀለው ተክል ሁሉ ይታያል። አሁን ተክሉ ጠፍቶ ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ሆኗል። የሴኪ ሰሌዳ (ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ የሚለካበት ክብ ሰሌዳ) ስናወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰወርብናል። ከእርሻ የሚገባውን ማዳበሪያ ካስቆምን 3 ዓመት ሆነን፤ ለውጥ ግን የለም።

እኔ የምጠረጥረው ታቹ ላይ ያለውን ጭቃ ነው። ለዓመታት ያጠራቀመውን ፎስፈረስ (አልጌውን የሚመግበውን የማዳበሪያ ንጥረ ነገር)፣ በተለይ ሙቀት ሲጨምርና ኦክስጅን ሲያንስ፣ መልሶ ይለቃል። ካርፕ ዓሣውም ታቹን እየቆፈረ ያደፈርሰዋል። ንጋት ላይ ዓሣዎቹ አየር ፍለጋ ወጥተው ሲያለከልኩ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

መጀመሪያ ካርፑን እንቀንስ ወይስ ፎስፈረሱን በአልሙኒየም ሰልፌት (ፎስፈረስን ይዞ በሚያስቀር ኬሚካል) እንሰረው? ተክሉስ ብርሃን ካገኘ በራሱ ይመለሳል ወይስ እንትከል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።