በድሬዳዋና በሐረር የመጽሐፍ ውይይት ለመጀመር፦ ስለ መጽሐፍ ማግኛ፣ ስለ ቦታና ስለ ሰዓት የቀረበ ጥቆማ

በሰፈራቸው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ወይም በእድራቸው የመጽሐፍ ውይይት ለመጀመር የሚያስቡ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «የት እንሰብሰብ?» የሚለውን ነው። እኔ ግን ከቦታው በፊት መጽሐፉ በስንት ሰው እጅ እንደሚገባ እንዲታሰብ አጥብቄ እመክራለሁ። የውይይት ቡድን የሚዳከመው አዳራሽ በማጣት ሳይሆን፣ ከተሰበሰቡት መካከል መጽሐፉን ያነበቡት ሁለት ሦስት ብቻ ሲሆኑና የቀሩት ሲያዳምጡ ቆይተው ሲመለሱ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተመለሰ ሰው ለሁለተኛው ስብሰባ ምክንያት ይፈልጋል።

በሁለቱም ከተሞች ያሉ መደብሮች በብዛት የሚይዙት የትምህርት መጻሕፍትንና የጽሕፈት መሣሪያን ነው፤ ልብ ወለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ሲያስመጡም ከአንድ ርዕስ ጥቂት ቅጂ ብቻ ስለሚይዙ፣ አሥር ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ እንዲመጣ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ለመረጠ ቡድን የምጠቁመው፣ ገንዘቡን አስቀድሞ አዋጥቶ በአንድ ሰው ስም ማዘዝን ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ በአውቶቡስ የተጫነ ካርቶን ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ በብዛት ሲገዛም ሻጩን ቅናሽ ለመጠየቅ ያመቻል።

ያገለገለ መጽሐፍ ከአዟሪዎች መግዛት ደግሞ ለኪስ ይቀላል፤ ከመደብር የጠፉ ርዕሶችም የሚገኙት እነሱ ዘንድ ነው። ችግሩ የኅትመቱ መለያየት ነው። አንዱ አባል የድሮውን፣ ሌላው የቅርቡን ኅትመት ይዞ ሲመጣ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምም፤ «ገጽ ይህን ያህል ግለጡ» ማለት ሁሉን ያደናግራል። ይህ የሚቃለለው ከመጀመሪያው በምዕራፍ ለመነጋገር በመስማማት ነው። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ቡድን አዟሪውን ቀርቦ የሚፈለገውን ርዕስ እንዲያፈላልግ መንገርን ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ ደንበኛው የሚመለስ መሆኑን ካመነ ፍለጋውን በትጋት ይይዘዋል።

በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ አልመክርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ንባብን ለማስፋፋት የተሰበሰበ ሰው ደራሲው ከድካሙ የሚያገኘውን ጥቅም ሊነፍገው አይገባም። ጊዜው ያለፈ ሥራ ግን በሕጋዊ መንገድ ተባዝቶ ሊከፋፈል ይችላል። ለምሳሌ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም የታተመ ሲሆን ደራሲው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። አጭር መሆኑና በአማርኛ የልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ያለው ቀዳሚ ስፍራ ለመጀመሪያ ስብሰባ ተስማሚ ያደርገዋል፤ አማርኛው ከዛሬው ስለሚርቅ ግን ወጣቶች ከታላላቆቻቸው አጠገብ ሆነው ቢያነቡት ይሻላል። ፎቶ ኮፒ የምታስነሡ ከሆነ በቅርብ ዘመን የተጨመሩ መግቢያዎችና ማብራሪያዎች የራሳቸው ባለመብት ሊኖራቸው እንደሚችል አትዘንጉ።

ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ትልቅ መፍትሔ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ብዙ ሰው ታሪኩን ተከታትሎታል። የስብሰባው የመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ለንባብ ቢውል፣ ምዕራፉን ሳይጨርስ የመጣውም ሰው የሚናገረው አያጣም።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመጽሐፍ የተከበበና ነጻ በመሆኑ ተመራጭ ይመስላል። ሆኖም የንባብ ክፍሎቹ ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች ስለሚሞሉ፣ የተለየ ክፍል ካልተፈቀደ በቀር ለውይይት አይሆኑም። በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ካፌዎች ጥላቸውና ነፋሻቸው ደስ ያሰኛል፤ ለአራት ለአምስት ሰው ይበቃሉ። ቁጥሩ ሲጨምር ግን የመንገዱ ድምፅ፣ የባጃጁ ጥሩምባና የሚታዘዘው መጠጥ ወጪ ያስቸግራሉ፤ በተለይ ለመጠጥ የሚከፍለው የሌለው ተማሪ አፍሮ ይቀራል። ሻይ መግዛት የግዴታ የሆነበትን ቦታ ለቋሚ ስብሰባ ባትመርጡት እወዳለሁ። በድሬዳዋ ረጅም ዕድሜ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የባህል ተቋም ስለሆነ፣ ደራሲ ጋብዞ ሰፋ ያለ ዝግጅት ለማድረግ ለሚያስብ ቡድን ቀርቦ መጠየቅ አይከፋም።

ከሁሉ አስበልጬ የምጠቁመው የእድር ቤትን ነው። ወንበሩና አግዳሚው አለ፤ ጀበናውና ስኒው አለ፤ ሰብሳቢዎቹም የጎረቤቱን ሁሉ ስም ያውቃሉ። ለቅሶ በሌለበት ሳምንት አዳራሹ ባዶ ስለሚሆን፣ የእድሩን ሊቀ መንበር በአክብሮት ቀርቦ ማስረዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እድሩ ውይይቱን የራሱ አድርጎ ከተቀበለው ደግሞ፣ ሌላ ማስታወቂያ የማይጠራቸው እናቶችም ይመጣሉ። በሐረር ለሚኖሩ ሐረሪዎች ተመሳሳዩን ሚና እንደ እድር ያለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻ፣ ሊወጣው ይችላል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የተሠራ ነደባ የሚባል መደብ ስላለው፣ ሁሉም ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥበት ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በጀጎል ውስጥ ቤቱን የሚፈቅድ ወዳጅ ያለው ቡድን ከዚያ የተሻለ የውይይት ክፍል መፈለግ አይኖርበትም። የሐረር ቡድኖች በዚሁ አጋጣሚ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየምን አብረው ቢጎበኙ መልካም ነው፤ በዚያ የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች ከተማዪቱ መጽሐፍ ስትጽፍና ስትደጉስ እንደኖረች ለወጣቶች በዓይን ያሳያሉ።

የሰዓቱ ጉዳይ በድሬዳዋ የቀልድ አይደለም። ሙቀቱ በሚበረታበት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሱቁም ሰዉም ስለሚያርፍ፣ በዚያ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ሰው አያገኝም። ሁሉንም የሚያስማማው ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላና ከመግሪብ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ተጀምሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያበቃ የጁምዓንም የእሑድ ቅዳሴንም ሰዓት አይነካም። በረመዳን ወር መርሐ ግብሩን ከሙስሊም አባላት ጋር ተማክሮ ማሸጋገር ያስፈልጋል። ሐረር ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሯ ስለሚቀል፣ እዚያ የጠዋቱም ሰዓት ይመቻል።

አወያዩ በየስብሰባው ቢቀያየር መልካም ነው፤ ሥራውም መጽሐፉን መተረክ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ጥያቄ አዘጋጅቶ ዝም ያለውን ሰው ማናገር ነው። በእነዚህ ከተሞች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ መንደር ስለሚነገሩ፣ መጽሐፉ በአማርኛ ቢሆንም ሐሳቡን በሚቀናው ቋንቋ ለሚናገር ሰው ዕድል ስጡት፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይተረጉምለታል።

በመጨረሻ ለሁለቱ ከተሞች ቡድኖች በጋራ የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። ድሬዳዋና ሐረር የሚራራቁት በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሚኒባሱም በደንገጎ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። እንግዲያው የድሬዳዋው ቡድን በአንድ ወር አንብቦ የጨረሰውን ካርቶን ለሐረሩ አሳልፎ፣ የሐረሩን ቢቀበል፣ እያንዳንዱ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ሁለት ያነባል። ለዚህም በየቅጂው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቡድኑን ስምና ቁጥር መጻፍ፣ የተረካቢውን ስም በደብተር መመዝገብና የጠፋውን ቅጂ ማን እንደሚተካ መጽሐፉ ከመታዘዙ በፊት መወሰን ያስፈልጋል።