መስኖ ድንች ላይ ክሽክሽ መቼ እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ባለ መስኖው
ጤና ይስጥልኝ። እንጅባራ አካባቢ ጉደኔና በለጠ የሚባሉ የድንች ዝርያዎችን ለዘር እናመርታለን። በክረምት ብዙም አንቸገርም። በመስኖ ስንተክል ግን ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ነፍሳት፣ አያስቀምጠንም። ጎረቤቴ በየሳምንቱ መድኃኒት ይረጫል፤ ያም ሆኖ ማሳው ውስጥ ቅጠሉ የተጠቀለለና የተዥጎረጎረ ተክል አይጠፋም። እንግሊዝ አገር ክሽክሹ ከመምጣቱ በፊት ለገበሬው ይነገረዋል ሲባል ሰማሁ። በምን ያውቁታል? እኛስ ጋ ይሠራል?

የሰብል ሐኪም
ይሠራል፣ እንዳለ ተገልብጦ ግን አይደለም። ሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ 12.2 ሜትር ከፍታ ባለው ቱቦ አየር እየሳበ የሚበረውን ክሽክሽ ይቆጥራል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሞቅ ካሉ ክሽክሹ ቀድሞ ይነሳል። አማካይ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሲጨምር ዋናው የድንች ጠላት፣ የኮክ ክሽክሽ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀድማል።

የእኛ ደጋ ውርጭ ግን እንደነሱ ብርድ ጠራርጎ አይጨርሰውም። ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ጎመን ላይ፣ ሳይለቀም ቀርቶ በበቀለ ድንች ላይ ይኖራል። ስለዚህ ዝናቡንና ጓሮውን እይ። ከባድ ዝናብ ያራግፈዋል። ደረቅና ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ይራባል። ሲጨናነቅ ወይም ጎመኑ ሲያረጅበት ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

የጎረቤትህ ነገር፦ ቅጠል የሚጠቀልለውን ቫይረስ ለማስተላለፍ ክሽክሹ ለሰዓታት መምጠጥ አለበት፤ እዚያ ላይ መድኃኒቱ ይደርስበታል። የሚያዥጎረጉረው ዋይ ቫይረስ ግን ቅጠሉን ቀመስ ሲያደርግ በሰከንዶች ውስጥ ያልፋል። መድኃኒቱ እስኪገድለው ሥራውን ጨርሷል። ርጭቱ ደግሞ ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ይፈጃል።

የጀልዱ ልጅ
ክሽክሹን ለመቁጠር ወጥመድ ለመግዛት አትድከም። ቢጫ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቅ፣ ውሃ ሙላ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርግበት። ሳሙና ከሌለው ክሽክሹ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያመልጥሃል። ድንጋይ ደርድረህ ከድንቹ አናት እኩል አስቀምጠው። ዝናብ ሲሞላው እንዳይፈስብህ ከአፉ ዝቅ አድርገህ ብሳውና ቀዳዳውን በስስ ጨርቅ ሸፍን። ሰኞና ሐሙስ በሻይ ማጥለያ አጥልለህ ነጭ ሰሃን ላይ ቁጠር።

ባለ መስኖው
ዝንቡም ትንኙም ይገባል አይደል? በምን ልለየው?

የሰብል ሐኪም
ማጉያ መነጽር ያዝና ኋላውን እይ። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከጀርባው ወጥተው ታያለህ። ክንፉም አራት ነው፤ ዝንብና ትንኝ ሁለት ብቻ ነው ያላቸው። ወጥመዱ ባዶ ቢሆንም ማሳውን እየዞርክ ቅጠል ገልብጥ። የኮክ ክሽክሽ ከታች ያረጀው ቅጠል ጀርባ ላይ መደበቅ ይወዳል።

"ስንት ሲገባ ልርጭ?" ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ባለ ክንፉ ብቅ ሲል የታመመ ተክል ካለ ከነሥሩ ነቅለህ ከማሳ አውጣ። ቁጥሩ ካሻቀበና ድንቹ ለዘር የሚበቃ ከሆነ ግንዱን እጨደው፣ ቫይረሱ ከቅጠል ወደ ድንቹ ሳይወርድ። ከዚያ ልጣጩ እንዲጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ይቆይ። "ገና ይወፍራል" የሚሉ አሉ። ለገበያ ከሆነ እሺ። ለዘር ግን ጥቂት ኩንታል ቢቀርብህ ይሻላል።

ባለ መስኖው
ገባኝ። ጎመኑ ግን የእናቴ ነው። ንቀይ ብላት ከቤት ታባርረኛለች።

የሰብል ሐኪም
ኧረ አትንካባት! ድንቹን ከጓሮው አርቀህ ትከል። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ስታይ በሳሙና ውሃ እጠበው፣ የቅጠሉን ጀርባ ሳትረሳ።